ቻርለስ ዲከንስ፦ ለልጆቹ በእጁ የጻፈው የገና ስጦታ

ገና ሲቃረብ ገበያው ይደምቃል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ለልጆች ምን ይገዛላቸው የሚለው ሐሳብ በገጠርም በከተማም ብዙ ወላጅን ያስጨንቃል። ስለ ገና በጻፋቸው ታሪኮች ስሙ በዓለም የናኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርለስ ዲከንስ ለልጆቹ ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ ግን ከገበያ የተገዛ አልነበረም። ወረቀትና ቀለም፣ የአባት ጊዜና ድምፅ ብቻ የጠየቀ ስጦታ ነበር። እርሱ ካለፈ በኋላም ለብዙ ዓመታት በቤተሰቡ እጅ ኖሯል።

ዲከንስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1812 በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ በምትገኘው የፖርትስመዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን በባሕር ኃይል የደመወዝ ክፍያ ቢሮ ጸሐፊ ነበር። ፊደል ያስቆጠረችው እናቱ ኤልሳቤጥ ናት። ቤተሰቡ ቻተም በተባለች ከተማ ሲኖር ብላቴናው አባቱ በአንዲት ትንሽ ክፍል ያኖራቸውን ጥቂት መጻሕፍት አገኘ። ሮቢንሰን ክሩሶን፣ ዶን ኪሾትንና የአንድ ሺህ አንድ ሌሊትን ተረቶች ያነበበው በዚያች ክፍል ነው። ወደፊት ለሚጽፈው ሁሉ ስንቁን የቋጠረውም ከዚያ ነው።

አባቱ ግን ከገቢው በላይ የሚያወጣ ሰው ነበር። ቤተሰቡ ወደ ለንደን ከተዛወረ በኋላ ዕዳው በረታ፤ የቤቱ ዕቃ አንድ በአንድ ተሸጠ፤ እነዚያ የሚወደዱ መጻሕፍትም አብረው ሄዱ። በ1824 አባቱ ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ መክፈል በተሳነው 40 ፓውንድ ያህል ዕዳ ማርሻልሲ በተባለው የባለዕዳዎች እስር ቤት ገባ። እናቱና ታናናሾቹም ተከትለው በዚያው መኖር ጀመሩ። የ12 ዓመቱ ቻርለስ ብቻውን በኪራይ እያደረ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር በነበረ የዋረን የጫማ ቀለም ፋብሪካ በቀለም መያዣዎች ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። የሳምንት ደመወዙ 6 ሽልንግ ነበር።

አባቱ ከወራት በኋላ ተፈታ፤ እናቱ ግን ልጁ በሥራው እንዲቀጥል ትሻ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት የመለሰው አባቱ ነው። ቁስሉ ግን አልሻረም። ዲከንስ ያን ዘመን ለወዳጁ ለጆን ፎርስተር ቢገልጥም፣ በሕይወት እስካለ ድረስ ለልጆቹ አልነገራቸውም።

ከትምህርት በኋላ በጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ፣ ቀጥሎም የፓርላማ ዘጋቢ ሆነ። በ1836 መታተም በጀመረው የፒክዊክ ታሪክ ዝናው ናኘ። በዚያው ዓመት ካትሪን ሆጋርትን አገባ፤ 10 ልጆችንም ወለዱ።

በ1843 መኸር በለንደን የድሆች ልጆች የሚማሩበትን አንድ ትምህርት ቤት ጎበኘ። ያየው ረኃብና መራቆት የራሱን ልጅነት ቀሰቀሰበት። ስለ ሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ በራሪ ጽሑፍ ለማሳተም የነበረውን ሐሳብ ትቶ፣ የሰው ልብ በተረት ይበልጥ ይነካል ብሎ በስድስት ሳምንት ያህል አንድ የገና ታሪክ ጻፈ። ስለ ስስታሙ ነጋዴ ስለ ስክሩጅ የሚተርከው መጽሐፍ በዲሴምበር 19 ወጣ፤ 6,000ው ቅጂ እስከ በዓሉ ዋዜማ ተሸጦ አለቀ።

ዋጋው 5 ሽልንግ ነበር። ይህም ደራሲው በልጅነቱ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ ከሚያገኘው ሊስተካከል ጥቂት የቀረው ገንዘብ ነው። መጽሐፉ ስለ ድሆች ቢናገርም ብዙ ድሃ ሊገዛው አይችልም ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1853 የገና ሰሞን፣ ዲከንስ በበርሚንግሃም ከተማ አዳራሽ ታሪኩን ለሕዝብ በቃሉ ሲያነብ፣ አንዱ ምሽት ለሠራተኞች እንዲሆን ራሱ ጠየቀ። መግቢያው 6 ፔኒ ሆነ፤ ይህም የመጽሐፉ ዋጋ አንድ አሥረኛ ነው። ከ2,000 የሚበልጥ ሰው አዳራሹን ሞልቶ አዳመጠው። መጽሐፉን መግዛት ያልቻለ ሁሉ በጆሮው ተካፈለው።

የቤቱ ንባብ ግን ከአደባባዩ የተለየ ነበር። ከ1846 እስከ 1849 ባሉት ዓመታት፣ ታላላቅ ልብ ወለዶችን እየጻፈ ሳለ፣ ከወንጌል በተለይም ከሉቃስ እየቀዳ የኢየሱስን ሕይወት ሕፃናት በሚገባቸው ቀላል ቋንቋ በእጁ ጻፈላቸው። ይህ ጽሑፍ በየገናው በቤተሰቡ ፊት ይነበብ ነበር። በጽሑፍ የሚተዳደር ሰው ሆኖ ሳለ ይህኛው ለሽያጭ እንዳይታተም ከለከለ፤ የልጆቹ ሀብት ነበርና።

ቤቱ እንከን የለሽ አልነበረም። በ1858 ከካትሪን ጋር ተለያየ። የበኩር ልጃቸው ከእናቱ ጋር ሄደ፤ ሌሎቹ ልጆች ከአባታቸው ዘንድ ቀሩ። ስለ ቤተሰብ ፍቅር ለዓለም የጻፈው ሰው የራሱን ማዕድ አንድ አድርጎ መጠበቅ አልቻለም።

በ1869 የመጨረሻው ገናው ሆነ። ቤተሰቡ የተጠሩትን ቃላት ሁሉ በቅደም ተከተል እያስታወሱ አዲስ የሚጨምሩበትን ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ተራው የደረሰው ዲከንስ የዚያን የጫማ ቀለም ፋብሪካ ስምና አድራሻ ጠራ። ልጁ ሄንሪ የአባቱን ድምፅና ዓይን ልብ ቢልም ትርጉሙ አልገባውም። ልጆቹ ምሥጢሩን የተረዱት አባታቸው ካለፈ በኋላ ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ነው።

ዲከንስ በማርች 15 ቀን 1870 ለመጨረሻ ጊዜ በሕዝብ ፊት ሲያነብም ያንኑ የገና ታሪክ መረጠ። በጁን 9 በ58 ዓመቱ አረፈ፤ በዌስትሚንስተር ገዳምም ተቀበረ። ለልጆቹ የጻፈው ጽሑፍ በሚስቱ እኅት በጆርጂና፣ በኋላም በሄንሪ እጅ ቆየ። ሄንሪ በ1933 ማብቂያ ሲያርፍ በሕይወት የቀረ የዲከንስ ልጅ አልነበረም፤ ጽሑፉም በቤተሰቡ ፈቃድ በ1934 ለሕትመት በቃ።

እንዲህ ያለው ስጦታ ባለጸጋ መሆንን አይጠይቅም። በእኛም ቤት በገና ምሽት ወላጅ ለልጁ አንድ ታሪክ ሊያነብ፣ ማንበብ ያልተማረ ወላጅም ልጁን አስነብቦ ሊያዳምጥ ይችላል። መጽሐፍ ከታጣ እንኳ፣ አያት የሚነግሩትን ተረት በደብተር ጽፎ ለከርሞ ገና ማስቀመጥ ይቻላል።