ኤዱዋርድ ሩፔል

ኤዱዋርድ ሩፔል (20 ኖቬምበር 1794 – 10 ዲሴምበር 1884 እ.ኤ.አ.) የጀርመን ተፈጥሮ ተመራማሪና ተጓዥ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖሩ በርካታ አጥቢ እንስሳትን፣ ከእነዚህም ውስጥ ፍልፈሎችንና አይጦችን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ስም የገለጸው እርሱ ነው።

የሕይወት ታሪክ

ሩፔል በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። በ1817 እ.ኤ.አ. ወደ ግብፅ ከተጓዘ በኋላ በጣልያን የዕፅዋትና የእንስሳት ጥናት ተማረ። በ1831 ምፅዋ ደርሶ በስሜን ተራሮች በኩል ወደ ጎንደር ገባ፤ በዚያም ከሊቅ አጥቁ ጋር ተወዳጀ። ከጎንደር ተነሥቶም ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ወርዶ እስከ ዓባይ ድልድይ ተጓዘ። ዛሬ የሐሙሲት ከተማ የምትገኘው በዚሁ በሐይቁ ምሥራቃዊ ወገን ነው።

ሩፔል በ1834 የእንስሳት ናሙናዎችንና የግዕዝ ብራናዎችን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው።

ስለ እንስሳት ያበረከተው

ጭላዳንና ዋልያን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 ገለጸ። ከትናንሾቹ እንስሳት ደግሞ የደጋውን ፍልፈል በ1835፣ የደጋ የሣር አይጥንና ግዙፉን ፍልፈል በ1842 መዘገበ። በዚህም አዳኙንም ታዳኙንም ስም የሰጣቸው አንድ ሰው ሆነ፤ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈልና የሣር አይጦች በበዙበት ስፍራ ነውና።

ከእርሱ በኋላ

የሩፔል ናሙናዎች ቆዳና አጽም ስለ ነበሩ እንስሳቱ በአንድ ስፍራ ምን ያህል እንደሚበዙና መቼ እንደሚራቡ አይናገሩም። ይህን ለማወቅ በበጋም በክረምትም በወጥመድ እየያዙ መቍጠር፣ ያረገዙትንም መለየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የተደረጉ እንዲህ ያሉ ጥናቶች የብዙ አይጦች መራባት ዝናብንና ዝናቡ የሚያበቅለውን መኖ እንደሚከተል አሳይተዋል።

ምግብ ብቻ ግን ቍጥርን አይወስንም። በ1950 አሜሪካዊው ጆን ክርስቲያን መጨናነቅ ከኩላሊት በላይ ያለውን ዕጢ እያስጨነቀ መራባትን ይቀንሳል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳቡ በዱር እንስሳት ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ እስካሁን ያከራክራል። በኢትዮጵያ ደጋ ይህን የሚመረምር ሰው የያዘውን እንስሳ ዝርያ አስቀድሞ መለየት አለበት፤ ለዚህም ዛሬም የሚነሣው ሩፔል በሰጣቸው ስሞች ነው።