ከሞተሩ ሥር ያለው ጎማ

ዋልተር ክራይስለር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ኒውዮርክ ያለው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ነው። የሰውየውን ሥራ ለማወቅ ግን ጎንበስ ብሎ መኪና ሥር ማየት ይሻላል።

ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1875 አሜሪካ፣ ካንሳስ ተወለደ (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ባቡር ነጂ ነበር። እሱም ባቡር መጠገኛ ውስጥ በጠራጊነት ጀምሮ መካኒክ ሆነ። በ1908 ቺካጎ ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት ሎኮሞቢል መኪና አየና ልቡ ተሰረቀ። ዋጋዋ 5,000 ዶላር፣ እጁ ላይ ያለው ግን 700 ብቻ! ቀሪውን ተበድሮ ገዛት። ቤቱ ካደረሳት በኋላ ወዲያው አልነዳትም። ብሎኗን ሁሉ እየፈታ ደጋግሞ ገጠማት፤ አሠራሯን ማወቅ ፈልጎ ነዋ።

ከዚያ ቢዊክ ፋብሪካ ገብቶ እስከ ፕሬዚዳንትነት ደረሰ። በ1925 ደግሞ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን ነው። ሼቭሮሌ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና በርካሽ ይሸጣል፤ የክራይስለር ርካሽ መኪና ፕሊመዝ ግን ባለ አራት ነበረች። ባለ አራት ሞተር ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቅጡም በሻንሲው አልፎ ተሳፋሪው ጋ ይደርሳል። በ1931 የኩባንያው ኢንጂነሮች ሞተሩን ፊት ለፊት ከፍ ባለ፣ ከኋላ ዝቅ ባለ ቦታ በጎማ አስቀመጡት። ሞተሩ በራሱ ሚዛን ዙሪያ ይወዛወዛል፣ በጎን ያለች ባሌስትራ ከልክ እንዳያልፍ ትይዘዋለች፣ መኪናው ግን ጸጥ ይላል። ፕሊመዝም በሽያጭ ከፎርድና ከሼቭሮሌ ቀጥላ ሦስተኛ ሆነች። በ1932 የፈረንሳዩ ሲትሮየንም በዚሁ ዘዴ ተጠቀመ።

ክራይስለር በ1940 ሞተ፤ መስል ካር የሚባሉትን ጉልበተኛ መኪኖች አላየም። በ1966 ኩባንያው ፕሊመዝ ላይ 425 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገጠመ። እንዲህ ያለው ሞተር ነዳጅ በኃይል ሲረገጥበት ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል። ያረጀ ወይም ዘይት የጠጣ ጎማ ከሆነ ይቀደድና ሞተሩ ከቦታው ብድግ ይላል።

ስለዚህ ዛሬ እነዚህን መኪኖች የሚያድሱ ሰዎች ጎማውን በጠንካራ ፖሊዩሬቴን ወይም በድፍን ብረት ይተኩታል። ብረቱ ሞተሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ንቅጥቅጡን ግን መልሶ ሹፌሩ ወንበር ድረስ ያመጣዋል። ለውድድር ሜዳ ይሁን እንበል። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ መኪና ግን ደህና ጎማ አስገብቶ ሞተሩ እንዳይነሳ በሰንሰለት ማሰር ይበቃል። የ1931ዱም ብልሃት ይኸው ነበር፦ ሞተሩን ልቀቀው፣ ግን ገደብ አብጅለት።