ኒኮላስ ስቴኖና የድንጋይ ምላሶች

በማልታ ደሴት የኖራ ድንጋይ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው፣ ጠርዛቸው የሰላ ድንጋዮች ይገኛሉ። የቀድሞ አውሮፓውያን ከቅርጻቸው የተነሣ የድንጋይ ምላስ ይሏቸው ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ጨረቃ ስትጋረድ ከሰማይ ይወርዳሉ የሚለውን እምነት መዝግቦት ይገኛል። የማልታ ሰዎች ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ በደሴቲቱ ካገኘው እባብ ታሪክ ጋር ያያይዟቸው ስለ ነበር የመርዝ ማርከሻ ተደርገው ይፈለጉ ነበር። የእነዚህን ድንጋዮች ምንነት አስረድቶ ለሥነ ምድር ትምህርት መሠረት ከጣሉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ዴንማርካዊው ኒልስ ስቴንሰን፣ በላቲን ስሙ ኒኮላስ ስቴኖ ነው።

ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1638 በኮፐንሃገን ከወርቅ አንጥረኛ ቤተሰብ ተወለደ። ሕክምና በማጥናት ላይ ሳለ፣ በ1660 በአምስተርዳም የበግ ጭንቅላት ሲመረምር ከጆሮ ሥር ካለው ዕጢ ምራቅ ወደ አፍ የሚያወርደውን ቧንቧ አገኘ፤ ቧንቧው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቀጥሎም ልብ ጡንቻ መሆኑን አስረዳ።

በ1666 በፍሎረንስ፣ በታላቁ መስፍን በዳግማዊ ፈርዲናንዶ ዘንድ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሊቮርኖ አጠገብ ዓሣ አጥማጆች ግዙፍ ሻርክ ያዙ። በመስፍኑ ትእዛዝ ጭንቅላቱ ለስቴኖ ተላከ። ስቴኖ ጥርሶቹን ከድንጋይ ምላሶች ጋር ሲያስተያይ መልካቸው አንድ ሆኖ አገኘው። ይህን ከእርሱ በፊት ጣሊያናዊው ፋቢዮ ኮሎና በ1616 ጽፎት ነበር። ስቴኖ ግን በመመሳሰሉ ብቻ አላቆመም፤ የባሕር እንስሳ ጥርስ እንዴት በየብስ ድንጋይ ውስጥ ሊገኝ ቻለ ብሎ ጠየቀ።

መልሱን ያገኘው ከድንጋዩ ነው። ጥርሱ በድንጋይ ውስጥ ያደገ ቢሆን ኖሮ በዙሪያው ያለውን ድንጋይ በሰነጠቀው፣ ራሱም ቅርጹ በተጣመመ ነበር። የሚታየው ግን ድንጋዩ የጥርሱን ቅርጽ ተከትሎ መርጋቱ ነው። እንግዲያው አስቀድሞ የጠነከረው ጥርሱ ነው፤ ድንጋዩም ያን ጊዜ በውኃ ሥር የተከማቸ ለስላሳ ደለል ነበር ማለት ነው። ይህን ሐሳብ በ1667 ሲያሳትም እንኳ የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ አላቀረበውም።

በ1669 ባሳተመው አጭር መጽሐፍ ነገሩን አስፋፋው። የደለል ንጣፎች መጀመሪያ አግድም እንደሚነጠፉ፣ ካልተገለባበጡም የታችኛው ከላይኛው እንደሚቀድም አስተማረ። የዓለምን ዕድሜ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ልክ ያስብ ስለ ነበር የዘመኑን ርዝመት አልደረሰበትም። ዛሬ በማልታ ከሚገኙት ጥርሶች ታላላቆቹ ሜጋሎዶን የተባለው ሻርክ እንደሆኑ፣ እርሱም ከ3 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በፊት እንደጠፋ ይታወቃል። የሻርክ አጽም እንደ ጆሮ ካለ ለስላሳ አካል የተሠራ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ ይፈርሳል፤ ዕድሜውን ሙሉ እያረገፈ የሚተካው ጥርሱ ግን ጠንካራ በመሆኑ ይቀራል። ስለ ጥንታዊ ባሕሮች ሻርኮች የምናውቀው አብዛኛው ከዚህ ከረገፈ ጥርስ የተገኘ ነው።

የ1669ኙ መጽሐፍ ለሌላ ሰፊ ሥራ መቅድም እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ ሰፊው ሥራ ግን ከቶ አልተጻፈም። ስቴኖ በ1667 ወደ ካቶሊክ እምነት ገብቶ በ1675 ካህን፣ በ1677 ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ያለውን ለድሆች እየሰጠ በችግር ኖሮ በ1686 በሽቬሪን በ48 ዓመቱ ዐረፈ። አጽሙ በፍሎረንስ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑም በ1988 ብፁዕ ብላ ሰየመችው።

መቅድሙ ያለ ዋና መጽሐፍ ቢቀርም፣ በየገደሉ ፊት ቆሞ የቱ ንጣፍ ይቀድማል ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ሁሉ ዛሬም የሚጀምረው ስቴኖ ካቆመበት ነው።