የሌሊቱን ሰዓት የቆጠሩ አባት



በቦረናም ሆነ በሳይንት ዝናብ በዘገየ፣ ልጅ በአባቱ ላይ ቃል በመለሰ፣ የእህል ዋጋ በናረ ቁጥር ሽማግሌዎቻችን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ስምንተኛው ሺህ ገባ ይላሉ። ነገሩ በቁጥርም ቢሆን ስሕተት አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት ያለው ዘመን 5500 ዓመት ነው። በዚህ ላይ 1500 ሲጨመር ሰባት ሺህ ይሞላል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ማለዳ የገባ የሚመስለን ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

አያቴ፣ ነፍስዋን ይማርና፣ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረኃብ በዓይንዋ አይታለች። ሁለቱንም ጊዜ መጨረሻው ይህ ነው ብላ ነበር። በዚያን ጊዜ ለተቀበሩት ጎረቤቶችዋ ያ ዓመት በእርግጥ መጨረሻቸው ነበርና ተሳስታለች ብዬ ለመናገር አልደፍርም። እኛም ብንሆን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ምን እንዳልን እናውቃለን።

እኔ ልጅ ሳለሁ ደግሞ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ጨለማ ይሆናል የሚል ወሬ በሰፈራችን ተነዛ። ቀኑም ተቆርጦ ተነገረ። ሰው ሁሉ ጧፍና ክብሪት ገዛ፤ እናቴም ቆሎ ቆልታ በስልቻ አስቀመጠች። ሰባት ጓደኛሞች ነበርንና ሁለት ሳምንት ሙሉ ኪዳን ሳናስታጕል ሄድን፤ ንስሐ ገባን፤ የተጣላነውም ታረቅን። የተባለው ቀን ግን እንደ ማንኛውም ቀን ነጋ፤ እንዲያውም ፀሐዩ የበረታ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሰባታችን አምስቱ በሳቁ እየተሳቀቁ ይሁን በንዴት አላውቅም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተዉ። ወሬው ውሸት ሲሆን ጊዜ ንስሐውም ውሸት መሰላቸው። እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ይህን ሳስብ ብዙ ጊዜ ወደ ልቤ የሚመጡት ከዚሁ ከእኛ ምድር የወጡት አባታችን አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ናቸው። ጋስጫ በቦረና ውስጥ ያለች ገዳም መሆንዋን ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ የተወለደ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስማቸውን ግን ከምናውቀው ይልቅ ሕይወታቸውን የምናውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከገድላቸውና ከአባቶች ትውፊት የተረዳሁትን ያህል ልጻፍ።

አባ ጊዮርጊስ የተወለዱት በ1357 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን ይባላሉ፤ በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ መጻሕፍትን ያወቁ ካህን ነበሩ። እናታቸው እምነ ጽዮን ይባላሉ። የተማረ ሰው ልጁን ማስተማር አይሳነውምና ሕፃኑ በመጀመሪያ ከአባታቸው ዘንድ ተማሩ። ቀጥሎም ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ተላኩ። ሐይቅ በዚያን ጊዜ ትልቅ የትምህርት ቦታ ነበረች። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ካቋቋሙት በኋላ ከየአገሩ ተማሪ የሚጐርፍባት ደሴት ሆና ነበር።

ትምህርቱ ግን አልገባቸውም። ሰባት ዓመት ሙሉ ቢቀመጡም ሌሎች ልጆች በአንድ ቀን የሚይዙትን እርሳቸው ሊይዙት አልቻሉም። መምህራኑም ይህ ልጅ ለትምህርት አይሆንም ብለው ተስፋ ቈረጡ። ሐይቅ ሴት የማይገባባት ገዳም ስለሆነች ለመነኮሳቱ እህል የሚፈጭ ወንድ ነው፤ ያም ሥራ ለአባ ጊዮርጊስ ደረሳቸው። ከእኛ መካከል ወፍጮ ፊት ተንበርክኮ መጅ የገፋ ወንድ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ! እናቶቻችንና እኅቶቻችን ግን ሥራው ምን እንደሆነ ያውቁታል። ወገብ ይቈርጣል፤ መዳፍ ይልጣል፤ ዛሬ ቢጨርሱት ነገ እንደ ገና ይጀመራል።

በእኔ አስተያየት የአባ ጊዮርጊስ ሕይወት ቍልፉ ያለው እዚህ ወፍጮ ቤት ነው። ሊቅ ይሆናሉ ብሎ የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም። እርሳቸው ግን ወደ ቤቴ ልመለስ አላሉም። ቀን ይፈጫሉ፤ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመው ያለቅሳሉ። ይህንም አንድ ሰሞን አድርገው አልተዉትም። በመጨረሻ እመቤታችን ተገልጣ ጽዋዓ ልቡና እንዳጠጣቻቸውና ከዚያች ቀን ወዲህ መጻሕፍት ሁሉ እንደ ተከፈቱላቸው ገድላቸው ይናገራል። እኛ ስንሰማው የምንወደው ጽዋውን ነው፤ ከጽዋው በፊት የነበረውን የዓመታት ዱቄት ግን በጆሮአችን እናሳልፈዋለን።

ከዚያ በኋላ የደረሷቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው። አርጋኖነ ውዳሴ፣ ውዳሴ መስቀል፣ ፍካሬ ሃይማኖት በስማቸው ይጠራሉ። ሁላችንም ሳናውቀው የምናውቀው ሥራቸው ግን መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ከእርሳቸው በፊትም የሰዓታት ጸሎት ነበረ፤ ከግብጽ የመጣ ነበር። አባ ጊዮርጊስ ለሌሊቱ ጊዜ አዲስ ሥርዓት አዘጋጁለት። መዝሙረ ዳዊቱን፣ ከብሉይና ከሐዲስ የሚነበበውን፣ የእመቤታችንን ውዳሴ፣ ምልጃውን ሁሉ አቀናብረው በዜማ የሚደርስ አደረጉት። ዛሬም በብዙ አድባራት ሊቃውንቱ በቅኔ ማሕሌት ሲቆሙ በሌላው ወገን ሰዓታት ይቆማል። በፍልሰታ ሌሊት በብርድ ጋቢያችንን ተከናንበን የምንሰማው ያ ዜማ የጋስጫው አባት ድምፅ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገሬ ልመለስ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በደብረ ዘይት ተራራ ስለ መምጣቱ ሲያስተምራቸው ቀኑን ለማንም እንዳልገለጠ እናውቃለን። ዓመት አልነገራቸውም። ነገር ግን በማርቆስ ወንጌል እንደምናነበው የሌሊቱን ክፍሎች አንድ በአንድ ጠቅሶላቸዋል፤ ማታን፣ እኩለ ሌሊትን፣ ዶሮ ጩኸትን፣ ማለዳን። በእነዚህ ጊዜያት ተኝታችሁ አትገኙ ማለቱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ጌታ በመንፈቀ ሌሊት ተወለደ፣ በመንፈቀ ሌሊት ከሙታን ተነሣ፣ በመንፈቀ ሌሊትም ዳግም ይመጣል ብላ ስለምታስተምር ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን ለዚያ ሰዓት መድባዋለች። አባ ጊዮርጊስ የኖሩት የሰባተኛው ሺህ መጨረሻ በተቃረበበት ዘመን ነው። ዓመት ለመቍጠር ለሚወድ ሰው ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ነበር። እርሳቸው ለትውልድ ያወረሱን ግን የሌሊት ሰዓት ቈጠራ ነው። ዓመት የሚቈጥር ሰው ቀኑ ሲያልፍ ሥራ ይፈታል፤ ጓደኞቼ የሆኑትን አይታችኋል። ሰዓት የሚቈጥር ግን ነገ ማታም ሥራ አለው። የአምስቱ ልባሞች ደናግል ዘይትም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም፤ በአንድ ሌሊት ገበያ አይሞላም።

እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ሰዓታት ላይ ቆሜ ግድግዳ ተደግፌ ያንቀላፋሁበት ጊዜ ካልተኛሁበት ይበልጣል። አንድ ጊዜማ በትሬ ከእጄ ወድቆ ሕዝቡን ሁሉ አስደንግጫለሁ።

ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት አባ ጊዮርጊስ በሌላም መንገድ ተጋድለዋል። በዓፄ ዳዊት ዘመን ቢቱ የሚባል ሰው ተነሥቶ በዳግም ምጽአት ጊዜ የሚመጣው ወልድ ብቻ ነው፤ አብና መንፈስ ቅዱስ አይመጡም እያለ ያስተምር ነበር። ለእኛ ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ይመስለን ይሆናል። አባ ጊዮርጊስ ግን ቸል አላሉትም። የሚመጣው ማን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ማንን ሊቀበል ይዘጋጃል? የሥላሴን አንድነት በመጠባበቅ ጊዜ የሚከፍል፣ በማመን ጊዜም ከፍሎታል። ስለዚህ በንጉሡ ፊት ቆመው ተከራከሩት፤ እንደ ረቱትም ገድላቸው ይተርካል።

በቤተ መንግሥት አጠገብ መቆም ግን ሁልጊዜ ሞገስ አያመጣም። ምቀኞች ነገር ሠርተው ከንጉሡ አጣሏቸውና ታሰሩ። ከእስራቸው የተፈቱት ዓፄ ዳዊት ካረፉ በኋላ ጥቂት ወራት ብቻ በነገሡት በቀዳማዊ ቴዎድሮስ ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። በእስር ቤት ደወል የለም፤ መጽሐፍም እንደ ልብ አይገኝም። እንዲህ ባለው ቦታ ሰው የሚጸልየው አስቀድሞ በልቡ ያስቀመጠውን ነው። እኛም ነገ በሕመም አልጋ ወይም በሰው አገር ብንገኝ ከመጽሐፍ ውጭ የምናውቀው ጸሎት ስንት ገጽ ይሆን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ጠይቄ መልሱ አሳፍሮኛል።

በዓፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት፣ በ1416 ዓ.ም.፣ ትልቁን መጽሐፋቸውን መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጸሙ። በዓመተ ዓለም ሲቈጠር 6916 መሆኑ ነው፤ ሰባት ሺሁ ሊሞላ 84 ዓመት ቀርቶት ነበር። መጽሐፉ ከሰባልዮስና ከአርዮስ ጀምሮ የመናፍቃንን ትምህርት እያነሣ የሚመልስ ሲሆን በየበዓላቱ እንዲነበብ ሆኖ የተከፋፈለ ነው። የቢቱም ነገር በውስጡ ይገኛል። ወፍጮ ቤት የተጣለው ልጅ ሥራ ይህ መሆኑን ሳስብ እነዚያ ተስፋ የቈረጡ መምህራን በሕይወት ኖረው ባነበቡት እላለሁ።

መጽሐፉን ከፈጸሙ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ያረፉት ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ገደማ ነበር። በእኛ አገር ሐምሌ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ጉሙ ከገደሉ ይወጣል፤ ወንዙ ይሞላል፤ ወደ ጋስጫ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ይሆናል። ሆኖም በዚያ ጭቃ በዓላቸውን ለማክበር የሚወርድ ምእመን አይጠፋም። ሐምሌ 7 ቅድስት ሥላሴ በአብርሃም ቤት በእንግድነት የገቡበት በዓልም ነው። አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ በአንድነት ይመጣሉ ብለው የተከራከሩት አባት የተጠሩት ሦስቱ በአንድነት ወደ አንድ ሽማግሌ ድንኳን በመጡበት ቀን ነው። ሁለቱ በዓላት አብረው ይከበራሉ፤ በዋዜማውም ሌሊት የሚቆመው ሰዓታት ራሳቸው የደረሱት ነው።