አዲስ ዘመን ያላወጣው የበዓሉ ግርማ ወሬ

ዛሬ ከመካነ ሰላም ወጣ ብለን ስለ በዓሉ ግርማ እናወራለን። ብዙዎቻችሁ በደራሲነቱ ነው የምታውቁት። እኛ ግን ጋዜጠኛው በዓሉ ይበልጥብናል።

በ1931 ዓ.ም. ኢሉባቦር ሱጴ ተወለደ። አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ጄኔራል ዊንጌትና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ አሜሪካ ሚሺጋን ደርሶ መጣ። ከዚያ መነን መጽሔት፣ አዲስ ሪፖርተር፣ ሄራልድ፣ አዲስ ዘመን፤ ሁሉንም በአዘጋጅነት መርቷል።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁሉ የመንግሥት ናቸው። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ የቤቱ ጌታ ተቀየረ እንጂ ቤቱ ያው ነበር። ጋዜጣው፣ ራዲዮኑ፣ ቴሌቪዥኑ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር። እኛ ቦረና ድረስ ይደርስ የነበረው ዜናም ከዚያው ነበር የሚወጣው። በዓሉ ደግሞ በዚያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። እንግዲህ ከመጀመሪያውም ተቃዋሚ ነበር ብለን አንዋሽም፤ የቀይ ኮከብ ጥሪን ያነበበ ለአብዮቱ ያለውን ስሜት ያውቀዋል።

ነገሩ የተለወጠው አስመራ ላይ ነው። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲጀመር የፕሮፓጋንዳውን ሥራ እንዲመራ ተላከ። በራዲዮ ድል እየተነገረ እሱ እዚያው ሆኖ የሹማምንቱን ሽኩቻና የወጣቱን እልቂት አየ። ያየውን ጋዜጣ ላይ ማውጣት አይታሰብም፤ ጋዜጣው የማን ሆነና! ስለዚህ ልብወለድ አደረገው። ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። አንባቢው ባለሥልጣናቱን በሌላ ስም ቢያገኛቸውም ወዲያው ለያቸው።

የሚገርመው አሳታሚው ኩራዝም የመንግሥት መሆኑ ነው። መንግሥት ራሱ አሳትሞ በቀናት ውስጥ ራሱ ከገበያ ለቀመው። በዓሉ ከሥራ ተባረረ። መጽሐፉ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን ማን ይከልክለው?

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ፣ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ ቢጠብቁ፣ ቢጠይቁ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። አስከሬኑም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኦሮማይ ግን ዛሬ በየመጽሐፍ መደብሩ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል።