ፍራንሲስ ሳምነር

ተማሪዎች ሆይ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው መንገድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሆኑን ታውቃላችሁ። ይህ መንገድ ተዘግቶበት ሳለ በትጋቱ ከዩኒቨርሲቲ የደረሰ፣ ከደረሰም በኋላ ለሌሎች መንገድ የጠረገ አንድ መምህር ነበር። ስሙ ፍራንሲስ ሴሲል ሳምነር ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ የሕይወት ታሪኩን ታነባላችሁ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

ሳምነር በ1895 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአርካንሳስ ክፍለ ግዛት፣ ፓይን ብላፍ በተባለች ከተማ ተወለደ። ባርነት በሕግ ከቀረ ሠላሳ ዓመት ቢሆነውም፣ በዚያ ክፍለ ግዛት ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም ነበር። ለጥቁር ልጆች የሚሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በብዙ ሥፍራ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ሳምነር አንደኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ የተማረው በቤቱ ነው። አባቱ መጻሕፍትን እንዲያነብና ድርሰት እንዲጽፍ ያዙት ነበር፤ እርሱም ያለ መታከት ይሠራ ነበር።

በ1911 ዓ.ም.፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በፔንሲልቫኒያ ወደሚገኘው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት ስላልነበረው በጽሑፍ ተፈትኖ ገባ፤ በ1915 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀ። በማግሥቱ ዓመት ከክላርክ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ጨመረ። የክላርክ ፕሬዚዳንት የነበረው ስታንሊ ሆል ስመ ጥር የሥነ ልቡና ሊቅ ነበርና ሳምነር ወደዚህ ትምህርት አዘነበለ።

ሥነ ልቡና የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ጠባይ የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ነው። በዚያ ዘመን ግን አንዳንድ ሊቃውንት ይህንኑ ዕውቀት መሣሪያ አድርገው፣ ጥቁር ሕዝብ በአእምሮው ከነጭ ያንሳል እያሉ ይጽፉ ነበር። ሳምነር ሊማረው የመረጠው በወገኖቹ ላይ የተነሣውን ይህን ዕውቀት ነበር። የዶክትሬት ትምህርቱን ሳይጨርስ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ተመልምሎ ወደ ፈረንሳይ ዘመተ፤ በ1919 ዓ.ም. ተመልሶም ቀጠለ። በ1920 ዓ.ም. ስለ ፍሮይድና ስለ አድለር ትምህርት የምርምር ጽሑፍ አቅርቦ፣ በ24 ዓመቱ፣ በሥነ ልቡና የዶክትሬት ዲግሪ የተቀበለ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ።

በተለያዩ ኮሌጆች ካስተማረ በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም. በዋሽንግተን ወደሚገኘው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሥነ ልቡና ከፍልስፍናና ከትምህርት ሙያ ተለይቶ ራሱን ካልቻለ፣ ጥቁር ወጣቶች ሙያውን ከመሠረቱ ሊማሩት አይችሉም የሚል እምነት ነበረው። በ1930 ዓ.ም. ክፍሉ ራሱን ቻለ፤ ሳምነርም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ መራው። ከማስተማሩ ጎን ለጎን በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ የተጻፉ ጥናቶችን እያነበበ ፍሬ ነገራቸውን በእንግሊዝኛ ያወጣ ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዱ ኬኔት ክላርክ ነበር። ይህ ወጣት ሐኪም የመሆን አሳብ ነበረው፤ የሳምነርን ትምህርት ከሰማ በኋላ ግን አሳቡን ለውጦ ሥነ ልቡናን ያዘ። ሒሳብ ልታጠና በ1934 ዓ.ም. ሀዋርድ የገባችው ማሚ ፊፕስም፣ በኬኔት አሳሳቢነት ወደዚሁ ክፍል ተዛወረች። ሁለቱ ኋላ ተጋብተው አብረው ተመራመሩ። ለጥቁር ሕፃናት ጥቁር መልክና ነጭ መልክ ያላቸውን አሻንጉሊቶች እያሳዩ የትኛውን እንደሚወዱ ጠየቋቸው፤ አብዛኞቹ ነጩን መረጡ። ሕፃናቱ የገዛ መልካቸውን መናቅ ተምረው ነበር።

ሳምነር በጃንዩዋሪ 12 ቀን 1954 ዓ.ም. በዋሽንግተን፣ በቤቱ ደጃፍ የበረዶ ክምር ሲጠርግ በድንገት ዐረፈ። ከአራት ወር በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪዎችን በዘር ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ወሰነ። በውሳኔው ከተጠቀሱት ጥናቶች መካከል የኬኔት ክላርክ ሥራ ይገኝበታል። ሳምነር ይህን ፍሬ በዓይኑ አላየም። እስከ 1972 ዓ.ም. ድረስ በሥነ ልቡና ዶክትሬት ካገኙት 300 ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ውስጥ 60ዎቹ ቀደም ሲል በሀዋርድ የተማሩ ነበሩ።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ፍርድ ቤት የተጠቀሰው ጥናት የሳምነር አልነበረም፤ ጥናቱን ያደረጉት ሰዎች ግን የሥነ ልቡናን ሀሁ የቈጠሩት እርሱ ባቋቋመው ክፍል ነው። የመምህርን ሥራ ስትመዝኑ ደቀ መዛሙርቱ የደረሱበትንም አብራችሁ መዝኑ።

መልመጃ

1. ሳምነር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይገባ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የቻለው እንዴት ነው?
2. ሥነ ልቡና ራሱን የቻለ ክፍል እንዲሆን የፈለገው ስለ ምን ነበር?
3. ሥራው ከሞተ በኋላ ፍሬ ያፈራ አንድ የምታውቁትን ሰው መርጣችሁ፣ የሕይወት ታሪኩን በሦስት አንቀጽ ጻፉ።