ትምህርቱን ያቋረጠው ነጋዴ

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች ታሪክ ዓምዳችን ስለ ጆንስ ሆፕኪንስ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

ኮሮና የመጣ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ማታ ማታ ዜና ላይ የታመመው ሰው ቁጥር ሲነገር ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሲሉ እሰማለሁ። የአገር ስም ይመስለኝ ነበር። ለካ የአንድ ነጋዴ ስም ነው!

ጆንስ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1795 በአሜሪካ ሜሪላንድ በምትባል ግዛት ተወለደ። ከ11 ልጆች ሁለተኛው ነው። ቤተሰቡ ትምባሆ ያመርት ነበር። 12 ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን አቋርጦ እርሻ ላይ መሥራት ጀመረ። አስቡት፣ እኛን አያክልም እኮ!

በ17 ዓመቱ ባልቲሞር ከተማ ሄዶ አጎቱ ጋ ንግድ ተማረ። የአጎቱን ልጅ ኤልዛቤትን ወደዳት፤ ሃይማኖታቸው ግን የዘመድ ጋብቻ ስለሚከለክል አልተጋቡም። ሁለቱም እስኪሞቱ ድረስ ሳያገቡ ኖሩ። በኋላ ከወንድሞቹ ጋር የራሱን ንግድ ከፈተ። ዕቃ በጋሪ እየጫኑ ገጠር ድረስ ይሸጡ ነበር። ባተረፈው ገንዘብ የባቡር ድርጅት አክሲዮን ገዛና በጣም ሀብታም ሆነ።

በ1873 በ78 ዓመቱ ሞተ። ያኔ በኛ አገር የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ነበር። በኑዛዜው 7 ሚሊዮን ዶላር ለዩኒቨርሲቲና ለሆስፒታል አወረሰ። ሆስፒታሉ ድሆችን በፆታ፣ በዕድሜና በቆዳ ቀለም ሳይለይ እንዲያክም፣ ወላጅ ለሌላቸው ጥቁር ሕፃናትም ማሳደጊያ እንዲሠራ አዘዘ። ዩኒቨርሲቲው በ1876፣ ሆስፒታሉ በ1889 ተከፈቱ። እሱ ግን አንዱንም አላያቸውም።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። በ2020 ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ያገኘውን ተናገረ። በ1850 በሆፕኪንስ ቤት 4 ባሪያዎች እንደነበሩ ተመዝግቧል። መዝገቡ ላይ የሰዎቹ ስም እንኳን የለም። የእሱ ስም ግን በዓለም ሁሉ ይጠራል። ይህን ሳነብ ተናድጄ ጽሑፉን ልተወው ነበር። በኋላ ግን ሁለቱንም ልጻፍ አልኩ። ጥሩ ሥራው መጥፎውን አያጠፋውም፤ መጥፎው ስላለም በእሱ ገንዘብ የተማሩትና የዳኑት ሰዎች አይረሱም።

ይህን ታሪክ የመረጥኩት በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። አምና 6ኛ ክፍል አብረን ተምረናል። ዘንድሮ ቡራዩ ኬላ ሊስትሮ ይሠራል። ጎበዝ ነበር፤ ሒሳብ ያስረዳን የነበረው እሱ ነው። እኔ 7 ሚሊዮን ዶላር የለኝም፤ ደብተር ግን አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየወሰድኩለት ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ ይገለብጣል። በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ ብሎኛል። እናንተም ከክፍላችሁ ማን እንደቀረ እስቲ ዞር ብላችሁ እዩ።

በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!